ድምፁ ከመራጩ ቁጥር እንዴት ይበልጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ለንደን፣ ባተርሲ ነው። የእንግሊዝ ዜግነት ካገኘሁ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመምረጤ በፊት ነገሩ ይግባኝ ብዬ በፈረንጆች ግንቦት 2022 የተካሄደውን የወረዳዬን፣ የዋንድስወርዝን ምክር ቤት ምርጫ ውጤት አውጥቼ አየሁ። በአንዱ ቀጠና ለእጩዎቹ የተቆጠረው ድምፅ ሲደመር ድምፅ ከሰጠው ሰው ብዛት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነብኝ። ሦስቱንም ወንበር የወሰደው አንድ ፓርቲ ነው፤ ከአሸናፊዎቹ ግን የመራጩን ግማሽ ያገኘ አላየሁም። ባለቤቴ «አገር ቤት ብቻ መስሎሽ ነበር?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህ እንዴት ይሆናል? ደግሞስ ኬንያዊቷ ጎረቤቴ ገና በቪዛ እያለች ስትመርጥ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ግብር እየከፈልኩ የተከለከልኩት ለምንድን ነው? ባለቤቴ የሆላንድ ፓስፖርት አለው፤ እሱስ ይመርጣል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ የተሰረቀ ድምፅ የለም። ባዩት ቀጠና አንድ መራጭ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ሳይሆን ሦስት ነው። የሚሰጠው ወረቀት አንድ ቢሆንም በላዩ ላይ እስከ ሦስት የመስቀል ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ቀጠናው ወደ ምክር ቤቱ የሚልከው ሦስት ሰው ነውና። ከእጩዎቹ ስም ትይዩ የተጻፈው ቁጥር የምልክቶቹ ብዛት ነው። ድምፅ የሰጡ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ የሰዎቹ፣ ማለትም የወረቀቶቹ ብዛት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የእንጀራውን ብዛት ከበላተኛው ብዛት ጋር እንደማወዳደር ነው።

ባለቤትዎ ቢስቁ አልፈርድባቸውም። እኔም ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የለንደን ወረዳ የቆጠራ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ያንኑ ጥያቄ አጠገቤ ለነበሩ አንዲት ሽማግሌ ቆጣሪ በሹክሹክታ አቅርቤ ነበር። ሴትየዋ አንድም ቃል ሳይመልሱልኝ ከክምሩ አንድ ወረቀት ወደ እኔ አዙረው ሦስቱን መስቀሎች አንድ በአንድ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሁሉም ቀጠና ግን ሦስት ሰው አይልክም። ዋንድስወርዝ ከ2022 ጀምሮ 22 ቀጠናዎች አሉት፤ 14ቱ ሦስት ሦስት፣ 8ቱ ሁለት ሁለት አባላት ይልካሉ፤ ድምሩ 58 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 20 ቀጠናዎች ሁሉም ሦስት ሦስት ስለሚልኩ ምክር ቤቱ 60 ወንበር ነበረው። ስለዚህ የውጤት ወረቀት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቁጥር የአሸናፊውን ድምፅ ሳይሆን «ስንት ሰው ይመረጣል» የሚለውን ይሁን።

እርስዎ «ከሁለት እጥፍ በላይ» ብለዋል፤ ሦስት እጥፍ አላሉም። ያ ጉድለት ራሱ ብዙ ይናገራል። የእጩዎቹን ድምፅ ሁሉ ደምረው ዋጋ ላላቸው ወረቀቶች ብዛት ቢያካፍሉት አንድ መራጭ በአማካይ ስንት ምልክት እንዳደረገ ያገኛሉ። ሦስት ሞልቶ የማይገኘው ብዙ ሰው ድምፁን ሳይጨርስ ስለሚሄድ ነው። አንዳንዱ ሦስት መምረጥ እንደሚችል አያውቅም፤ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፎ ሳለ አንዷን መስቀል አድርጎ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ አውቆ ነው፤ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሁለት ድምፅ ለሌላ ከሰጠ ለዚያው ሰው ተፎካካሪ ማብቀል ይሆንበታል። ከሦስት ማሳነስ የተፈቀደ ነው። አራት ማድረግ ግን ወረቀቱን ከነአካቴው ያበላሸዋል፤ አራተኛው ተሰርዞ ሦስቱ አይቆጠሩልዎትም።

ሦስቱ ወንበር ለአንድ ፓርቲ እንዴት ሄደ ወደሚለው እንምጣ። ቁጥሩን ለማሳያ ብቻ ልፍጠረው። 3,000 ሰው ወጥቶ መረጠ እንበል። የአንደኛው ፓርቲ ሦስት እጩዎች 1,260፣ 1,215 እና 1,180 አገኙ። የሁለተኛው ፓርቲ ሦስት እጩዎች 1,140፣ 1,120 እና 1,075 አገኙ። የሦስተኛው ፓርቲ ደግሞ 450፣ 380 እና 310። ሁሉንም ቢደምሩት 8,130 ይመጣል፤ ለአንድ ሰው 2.7 ገደማ ምልክት ማለት ነው። ወንበሩ የሚሰጠው ከላይ ላሉት ሦስት ሰዎች ነው፤ ሦስቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆኑ። ትልቁ አሸናፊ ያገኘው ከመራጩ 42 ከመቶ ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ግማሹን አይጠይቅም፤ ከአራተኛው መብለጥ ይበቃል። እዚህ ሦስተኛው አሸናፊ ከመጀመሪያው ተሸናፊ የበለጠው በ40 ምልክት ነው። መራጩ በአብዛኛው ሦስቱንም ምልክት ለአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለሚያደርግ ጥቂት መቶ ደጋፊ ብልጫ ያለው ፓርቲ አንዱን ወንበር ሳይሆን ሦስቱንም ጠራርጎ ይወስዳል።

ይህ በአንድ ቀጠና ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በሁሉም ቀጠና ሲደጋገም ምክር ቤቱ ያለ ተቃዋሚ ይቀራል። በምሥራቅ ለንደን ኒውሃም በ2010፣ በ2014 እና በ2018 ሌበር የተባለው ፓርቲ 60ውንም ወንበር ያዘ። በዚያ ወረዳ ሌላ ፓርቲ የሚመርጥ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ በየቀጠናው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እየወጣ ባከነ እንጂ። በጎረቤቱ ባርኪንግና ዳገንሃም በ2006 ብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ የሚባለው የስደተኛ ጠል ቡድን 12 ወንበር አግኝቶ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር፤ በ2010 አንድም አልቀረለትም፤ 51ዱም የሌበር ሆነ። ስልቱ ሲያወጣም ሲያወርድም ምሕረት የለውም። በግሌ ለአካባቢ ምክር ቤት የማይመች የምርጫ ስልት ነው እላለሁ፤ አንድ ተቃዋሚ የሌለበት ጉባኤ የራሱን በጀት ራሱ አቅርቦ ራሱ ያጸድቃል። ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ግን በየትም አገር የተቀመጠበትን ወንበር አይነቀንቅም።

የራስዎ ወረዳ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ነው። ወግ አጥባቂዎች (ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ) ዋንድስወርዝን ከሌበር የወሰዱት በ1978 ሲሆን ሳይለቁ 44 ዓመት ቆዩ። በ1986 ለጥቂት ነበር፤ ያኔ ምክር ቤቱ 61 ወንበር ነበረው፤ 31 ለ30፣ አንድ ወንበር! ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በአዋቂ ሰው ራስ ልክ የሚከፈል ግብር አውጥቶ አገሩ ሁሉ በቁጣ ሲናጥ፣ ፓርቲያቸው በሌላው ቦታ ሲሸነፍ ዋንድስወርዝ ላይ 48 ለ13 አሸነፉ። ምሥጢሩ ምን ነበር? ምክር ቤቱ ግብሩን 148 ፓውንድ ብቻ አደረገው፤ ሌላው ወረዳ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ሲያስከፍል። ከዚያ ወዲህ ግብር አሳንሶ ማስከፈል የወረዳው ሃይማኖት እስኪመስል ድረስ ሥር ሰደደ፤ ዛሬም ቤትዎ የሚመጣው የምክር ቤት ግብር ከአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ሌበርም ሥልጣን ሲፈልግ ይህን እንደማይነካ ቃል መግባት ነበረበት።

2018 ላይ ቆም ይበሉ፤ ጥያቄዎ እዚያ ውስጥ አለና። በዚያ ዓመት በወረዳው ጠቅላላ ድምፅ ሌበር ወግ አጥባቂዎቹን በጥቂቱ በልጧቸው ነበር። ወንበሩ ግን 33 ለወግ አጥባቂ፣ 26 ለሌበር፣ አንድ ለግል ተወዳዳሪ ሆነ። የሌበር ድምፅ እንደ ቱቲንግ ባሉ ድሮም በሚያሸንፍባቸው ሰፈሮች ተከምሮ ቀረ፤ በብዙ ድምፅ ማሸነፍና በአንድ ድምፅ ማሸነፍ የሚያስገኙት ወንበር እኩል ነው። የወግ አጥባቂዎቹ ድምፅ ደግሞ በብዙ ቀጠናዎች ለጥቂት በሚያሸንፍ መጠን ተሰራጭቶ ነበር። በ2022 ያ ጥቂት ብልጫ ወደ ሌላው ጎን ዞረና ሌበር 35፣ ወግ አጥባቂ 22፣ ግል ተወዳዳሪ አንድ ሆነ። ጋዜጦች «ታሪካዊ» አሉት፤ እውነትም ነው። ከየቤቱ ሆኖ ሲታይ ግን አገር ምድሩ ሐሳቡን ለውጦ ሳይሆን በጥቂት ቀጠናዎች ጥቂት መቶ ሰዎች ወዲያ ማዶ ተሻግረው ነው። በነገራችን ላይ ያ ቀን፣ ግንቦት 5 ቀን 2022፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ነበር፤ የአርበኞች ቀን። እኔም አዲስ አበባ ደውዬ እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ነው ያን ሌሊት ወደ ቆጠራ የሄድኩት።

ግል ተወዳዳሪው አንድ ወንበር በዋዛ የተገኘ አይደለም። ማልኮም ግሪምስተን በዌስት ሂል ቀጠና የወግ አጥባቂ አባል ነበሩ፤ በ2014 ከፓርቲያቸው ወጥተው በግላቸው ቀርበው በ2018ም በ2022ም አሸነፉ። ሦስት ድምፅ የመስጠት ስልት በጎ ጎኑ እዚህ ላይ ይታያል። መራጩ ፓርቲውን ሳይከዳ ሁለቱን ምልክት ለፓርቲው ሰጥቶ ሦስተኛውን ለሚያውቀው ሰው ሊሰጥ ይችላል። አንድ ድምፅ ብቻ ቢኖረው ይህን አይደፍርም።

አንድ ወንበር ምን ያህል ሰው እንደሚያሳብድ ለማየት ከወንዙ ማዶ ዌስትሚኒስተርን ይመልከቱ። በዚያም በ1986 ወግ አጥባቂዎች 32፣ ሌበር 27፣ ግል ተወዳዳሪ አንድ ሆነው ለጥቂት ተረፉ። የምክር ቤቱ መሪ ሸርሊ ፖርተር ነበሩ። የሚቀጥለውን ምርጫ እንዳያጡ ስምንት አስጊ ቀጠናዎች መረጡና በእነዚያ ቀጠናዎች የምክር ቤቱ የኪራይ ቤቶች ተከራይ ሲለቃቸው ለሌላ ችግረኛ ከመስጠት ይልቅ እንዲሸጡ አደረጉ። ቤት ገዝቶ የሚገባ ሰው ወግ አጥባቂን ይመርጣል ከሚል ስሌት ነው። ፓርቲው በ1990 አሸነፈ። የሒሳብ መርማሪው ጆን ማጊል ግን ዓመታት ፈጅቶ ነገሩን ፈለፈለው፤ በ2001 በጊዜው የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን አጸና። የሕዝብ ቤት ለፓርቲ ጥቅም አይውልም አለ። ፖርተር እንዲከፍሉ የተወሰነባቸው 27 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ወለዱ ተጨምሮ እያበጠ ሄዶ በ2004 በ12.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማሙ። ቤት ፍለጋ ስንት ዓመት ተራ እንደሚጠበቅ ለሚያውቅ ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ ተረት አይደለም። ዌስትሚኒስተርም ከተመሠረተበት ከ1964ቱ ምርጫ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌበር እጅ የገባው በዚያው በ2022 ሌሊት ነው፤ 31 ለ23።

ባተርሲ ራሷ ከዚህም የጠበበ ነገር አይታለች። ራሷን የቻለች ወረዳ በነበረችበት ዘመን፣ በ1913፣ የምክር ቤቱ አባላት ከንቲባ ሲመርጡ ጆን አርቸርን 40 ለ39 መረጧቸው። የባርባዶስ አባትና የአየርላንድ እናት ልጅ ናቸው፤ ሊቨርፑል ተወልደው ባተርሲ ፎቶ አንሺ ሆነው ይኖሩ ነበር። በለንደን የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የተገኙት በአንዲት ድምፅ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው ጠረጴዛ ልውሰድዎ፤ ሦስት ሦስት ድምፅ ሲቆጠር ማየት ትዕግሥት ያስተምራል። ኮሮጆው ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚቆጠረው ድምፅ ሳይሆን ወረቀት ነው፤ ከኮሮጆው የወጣው ወረቀት የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ሰጠሁ ካሉት ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ወረቀቶቹ ሁልጊዜ ፊታቸው ወደ ላይ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር አለና ማንም እንዳያየው። የፓርቲ ወኪሎች ከጠረጴዛው ማዶ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ይጽፋሉ፤ መንካት ግን አይችሉም። ከዚያ መለየት ይጀመራል። ሦስቱም መስቀል ለአንድ ፓርቲ የሆነው ወረቀት በየፓርቲው ይከመራል፤ እሱ ቀላል ነው፤ መቶ ወረቀት ማለት ለሦስቱም እጩዎች መቶ መቶ ድምፅ ነው። ራስ ምታቱ ድብልቁ ነው፤ አንዱን ለሌበር፣ አንዱን ለአረንጓዴ ፓርቲ፣ አንዱን ለጎረቤቱ የሰጠ። ድብልቆቹ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የመስቀሉ ረድፍ ብቻ እንዲታይ ይለጠፋሉ። ተለጥፈው ሲንጠለጠሉ የሣር ጉርድ ቀሚስ ስለሚመስሉ ቆጣሪዎቹ «የሣር ቀሚስ» ይሏቸዋል። አንዱ ቆጣሪ በጣቱ ረድፉን እየተከተለ በየእጩው ስም ስንት መስቀል እንዳለ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠው ይደግሙታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ረድፍ ዓይን ውስጥ ይዋኛል።

ድብልቁ ቀልድ እንዳልሆነ በ2006 በርሚንግሃም ውስጥ ኪንግስታንዲንግ በሚባል ቀጠና ታይቷል። በዚያ ዓመት ሁለት ወንበር ክፍት ስለነበር መራጩ ሁለት ድምፅ ነበረው። ድብልቆቹ ወረቀቶች ሁለት ጊዜ ተቆጠሩና ከላይ የጠቀስኩት የብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ እጩ ተመረጡ ተብሎ ታወጀ። ስሕተቱ ቶሎ ታወቀ፤ ነገር ግን ውጤት አንዴ ከታወጀ የምርጫ ኃላፊው ራሱ እንኳ ሊያርመው አይችልም። ፍርድ ቤት ነው ከሳምንታት በኋላ የሻረው። በእኔ እምነት የእርስዎ ዓይነት ጥያቄ፣ «ድምሩ ለምን ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም» የሚል፣ የጠረጴዛው ዋና መድኃኒት ነው፤ ድምሩ ከወረቀቱ ሦስት እጥፍ ካለፈ የሆነ ቦታ ስሕተት አለ። ሦስት እጥፍ አለመሙላቱ ግን በራሱ የስሕተት ምልክት አይደለም።

የውጤት ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ውድቅ የሆኑ ድምፆች» የሚል ክፍል ያያሉ። አራት ምክንያት ብቻ ነው ያለው፦ የምርጫው ኦፊሴላዊ ምልክት የሌለበት፣ ከተፈቀደው በላይ የመረጠ፣ መራጩ ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት፣ ባዶ የሆነ ወይም ሐሳቡ የማይታወቅ። ከመስቀል ይልቅ የራይት ምልክት ያደረገ፣ ሳጥኑ ውስጥ ፈገግ ያለ ፊት የሳለ፣ ሐሳቡ እስከታወቀ ድረስ ይቆጠርለታል። ስም ጽፎ መፈረም ግን ወረቀቱን ይጥለዋል። የእኛ ሰው ደግሞ ወረቀት ሲሰጠው መፈረም ይወዳል፤ እባክዎ አይፈርሙ።

ሁለት እጩዎች እኩል ቢመጡ ዕጣ ይወጣል። በ2017 በኖርዘምበርላንድ፣ ሳውዝ ብላይዝ ውስጥ፣ እኩል የመጡ ሁለት እጩዎች አጭርና ረጅም ገለባ መዘዙ፤ ሊበራል ዴሞክራቷ አሸነፉ፤ ወግ አጥባቂዎች ከ67 ወንበር 33 ይዘው በዚያች ገለባ አብላጫውን አጡ።

ውጤት ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ልጠቁምዎ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የአንድ ፓርቲ ሦስት እጩዎች ሁልጊዜ እኩል ድምፅ አያገኙም። በምሳሌዬ 1,260 እና 1,180 ያልኩት በከንቱ አይደለም። እጩዎች ወረቀቱ ላይ የሚሰለፉት በቤተሰብ ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ነው። ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ ከታች ካለው የፓርቲ ጓደኛው ይበልጣል፤ መራጩ ከላይ ጀምሮ ሲያደርግ ይደክመዋል መሰለኝ። የእኛ ሰው ሲወዳደር ቤተሰብ ስም ተብሎ የሚጻፍለት የአባቱ ስም ነው። አባትየው አበበ ከሆኑ ልጅየው ከሁሉም በላይ ይቀመጣል፤ ዘውዴ ከሆኑ ከታች ጫፍ ነው። አባትና ልጅ ተነጋግረው የማያውቁት ጉዳይ ጥቂት ድምፅ ይወስዳል ወይም ይጨምራል! ሌላም አለ፤ አጥኚዎች የለንደንን ውጤቶች ሲመረምሩ ስማቸው ለእንግሊዝ ጆሮ ባዕድ የሆኑ እጩዎች ከራሳቸው ፓርቲ ጓደኞች ያነሰ ድምፅ እንደሚያገኙ አስተውለዋል። ሕጉ ሰው በሰፊው የሚጠራበት ስም ወረቀቱ ላይ እንዲወጣለት መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሊወዳደር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ ስምህን አትቀይር፣ አጻጻፉን ግን አንድ አድርገህ ያዝ እላለሁ።

በውጤቱ ላይ እምነት ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ከመታወጁ በፊት እጩው ወይም ወኪሉ እንደገና ይቆጠር ማለት ይችላል። ከታወጀ በኋላ ያለው መንገድ የምርጫ አቤቱታ ነው፤ በአብዛኛው በ21 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ገንዘብም ማስያዝ ይጠይቃል። ይሠራልም። በ2014 በታወር ሃምሌትስ ሉትፉር ራህማን ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ አራት ተራ መራጮች አቤቱታ አቀረቡ፤ ዳኛ ሪቻርድ ሞሪ በሚያዝያ 2015 ምርጫውን ሽረው ከንቲባውን ለአምስት ዓመት ከምርጫ አገዱ። ጊዜው ሲያልፍ በ2022 ተመልሰው ቀረቡና አሸነፉ፤ አስፓየር የተባለው ፓርቲያቸውም ከ45 ወንበር 24 ወሰደ። ፍርድ ቤቱም መራጩም የየራሳቸውን ተናገሩ።

ስለ ኬንያዊቷ ጎረቤትዎ ያነሡት ቅሬታ የብዙዎቻችን ነው። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ መብት ከግብር ጋር አልተያያዘም፤ ዜግነትዎ ከየት ነው ከሚለው ጋር እንጂ። የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች ይመርጣሉ፤ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የተሰባሰቡበት ማኅበር) አባል አገር ዜጋም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ እስካለው ድረስ ይመርጣል። ኬንያ የኮመንዌልዝ አባል ናት፤ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ኤርትራም፣ ሶማሊያም፣ ሱዳንም አይደሉም። ቅኝ መገዛት ነው ምክንያቱ እንዳይሉኝ ሞዛምቢክ በ1995፣ ሩዋንዳ በ2009 ገብተዋል፤ ሁለቱም የብሪታንያ ቅኝ ግዛት አልነበሩም። ስለዚህ ትናንት የመጣ ሩዋንዳዊ ሲመርጥ ሃያ ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ካልወሰደ ቆሞ ያያል። ፍትሕ ነው አልልም፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

የባለቤትዎ ጉዳይ የሚወሰነው በመጡበት ቀን ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ሕጉ ተቀይሯል። ከ2020 መጨረሻ በፊት ጀምሮ ሳያቋርጡ በሕጋዊነት እዚህ የኖሩ የኅብረቱ ዜጎች የአካባቢ ምርጫ መብታቸው አልተነካም። ከዚያ በኋላ ለመጡ ግን መብቱ የቀረው ከብሪታንያ ጋር የተናጠል ስምምነት ላላቸው ለዴንማርክ፣ ለሉክሰምበርግ፣ ለፖላንድ፣ ለፖርቱጋልና ለስፔን ዜጎች ነው፤ ሆላንድ ከእነዚህ ውስጥ የለችም። ከሆላንድና ከስዊድን ተነሥተው ለልጆች ትምህርት ብለው ወደ ለንደን የተሻገሩ ብዙ የአገራችን ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ ከ2020 በፊት ስለመጡ ችግር የለባቸውም። ባለቤትዎም ከእነሱ አንዱ ከሆኑ ለምክር ቤቱ ይመርጣሉ፤ ለአገሪቱ ፓርላማ ግን አይመርጡም። የፓርላማው ምርጫ በዚህ ቤት የእርስዎ ብቻ ነው፤ የሚስቁበት ተራ ደረሰዎት።

እርስዎ ዜግነት ሲያገኙ ስምዎ በራሱ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ መመዝገብ አለብዎት፤ ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀናት በፊት ማለቅ አለበት። ከግንቦት 2023 ጀምሮ ደግሞ ምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። የብሪታንያ ፓስፖርት ገና ካላወጡ የዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ እሱም ከሌለ ከምክር ቤቱ በነጻ የሚሰጠውን የመራጭ ማረጋገጫ ወረቀት አስቀድመው ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን መዝገቡ ላይ ስምዎ እንዴት እንደተጻፈ ከመታወቂያዎ ጋር ያስተያዩ። በአንደኛው የአያትዎ ስም ገብቶ በሌላው ቀርቶ እንደሆነ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት በር ሲከፈት ከጠረጴዛው ማዶ ካለው ሰው ጋር ስለ ስም አወጣጣችን ረጅም ትምህርት መስጠት ይኖርብዎታል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ።